በጥር ግዙ፣ በሐምሌ ስጡ፦ የሰፈሩን ረሃብ መታገል ለሚፈልጉ የወሎ ክበቦች

ክበብ ሞልቶናል። የትምህርት ቤት በጎ አድራጎት ክበብ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ በጎ ፈቃደኞች አሉ፣ የቀይ መስቀል ወጣቶች፣ የሰንበት ተማሪዎች፣ የመስጊድ ጀመዓ፣ የቅሬ (የዕድር) ልጆች፣ እንደ ሮታሪና ላየንስ ያሉ ክለቦችም አሉ። አብዛኞቻችን የምንሠራው ግን አንድ ዓይነት ነው። በዓል ሲደርስ እናዋጣለን፣ ዘይትና ዱቄት እንገዛለን፣ ማዕድ እናጋራለን፣ ፎቶ ተነስተን እንበተናለን። ክፋት የለውም። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለዒድ አንድ ቤት ጠግቦ ሲውል ማን ይጠላል? ችግሩ ረሃብ በዓል እየጠበቀ አለመግባቱ ነው። የራሱ ወር አለው። ክበባችሁ ያ ወር ሲደርስ ከተነሳ ዘግይቷል፤ ስድስት ወር ቀድሞ መነሳት አለበት። ከታች የምጽፈው ይህንን እንዴት እንደምትሠሩት ነው፣ ሠላሳ አርባ አባል ያለው ተራ ክበብ በሚችለው ልክ።

1. የሰፈራችሁን የረሃብ ወር እወቁ

ወሎ አንድ ዓይነት አገር አይደለም። ቆቦ፣ ሀብሩ፣ ቃሉና ባቲ አካባቢ ያለው ቆላ ማሽላና ጤፍ ነው፤ ክረምት ዘንቦለት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይሰበስባል። እዚያ ጭንቁ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ያምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና ሳይደርስ። ደጋው ሌላ ነው። ደላንታ፣ ለጋምቦ፣ መቄት፣ ግዳን ላይ በበልግ የሚኖር ብዙ ቀበሌ አለ። በልግ የካቲትና መጋቢት ተዘርቶ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይደርሳል፤ በልጉ ከቀረ ግን ቤቱ የሚጠብቀው ነገር ስለሌለ ችግሩ ክረምቱን ሳይጠብቅ ከሚያዝያና ከግንቦት ጀምሮ ይገባል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ዝናብ ብቻ አይደለም፣ የእህል ዋጋና የቀን ሥራ ነው፤ ክረምት ሲገባ የግንባታ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ እህል ደግሞ በዚያው ሰሞን ይወደዳል።

ሴፍቲኔት የሚባለውን የመንግሥት የድጋፍ ፕሮግራምም አስቡት። ፕሮግራሙ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ቤት ይዞ አቆይቷል። ነገር ግን የማኅበረሰብ ሥራ ክፍያው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ላለው ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ባዶ ይቀራሉ። ለክበብ የተተወው ቦታ እሱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሽማግሌ ጠይቁ። የ1966ቱንና የ1977ቱን ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ፣ ምልክቱን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ገበያ ውጡና ሁለት ነገር ብቻ መዝግቡ፦ የአንድ ኩንታል ማሽላ ዋጋና የአንድ ፍየል ዋጋ። ባቲ ቅርብ ከሆናችሁ ሰኞ ሰኞ፣ ሌላ ቦታም በገበያው ቀን። እህሉ እየወጣ ከብቱ እየወረደ ከሄደ ሰው የቤቱን ንብረት መሸጥ ጀምሯል ማለት ነው። የምታለብ ላም ወይም የሚያርስ በሬ ለገበያ ሲወጣ፣ ለዘር የተቀመጠው ሲፈጭ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር፣ ጎረምሳው በባቲ አድርጎ ወደ አፋር በረሃ ሲያቀና ጊዜው ደርሷል። በ1977 ባቲና ኮረም መጠለያ የደረሰው ሕዝብ እዚያ የደረሰው እህሉንም ከብቱንም ጨርሶ ነው። ያኔ ማብላት ሰው ማትረፍ ነው፣ ቤት ማትረፍ ግን አይሆንም። እኛ የምንፈልገው ቤቱ ሳይፈርስ መድረስ ነው።

2. ቤቶቹን ለዩ

አትቸኩሉ። የክበቡ አባላት ብቻችሁን ዝርዝር ካወጣችሁ የምታውቁትን ሰው ነው የምትጽፉት፤ ክፋት ኖሮባችሁ አይደለም፣ የማታውቁት ቤት ስለማይታያችሁ ነው። አምስት ሰው አስቀምጡ፦ የቅሬ ዳኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ አንድ መምህር፣ ከሃይማኖት አባቶች አንድ፣ እና ሰፈሩ የሚያከብራት አንዲት እናት። ከአምስቱ አንድ ሰው ብቻ ይበቃል ብትሉኝ እናቲቱን ነው የምመርጠው። ማን ቤት ምጣድ እንደማይጣድ የምታውቀው እሷ ናት።

ቅድሚያ የሚሰጣቸው የታወቁ ናቸው፦ ከአምስት ዓመት በታች የከሳ ልጅ ያለበት ቤት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት፣ ጧሪ የሌለው አዛውንት፣ አልጋ የያዘ ሕመምተኛ። ከእነዚህ ሌላ አንድ ቦታ በደንብ ፈልጉ። ቅሬ ውስጥ የሌሉትን። መዋጮ መክፈል ሲያቅታቸው ቀስ ብለው የወጡ አሉ፣ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ የቀን ሠራተኞች አሉ፣ ከሌላ አካባቢ ተፈናቅለው መጥተው በሰው ግቢ የተጠጉ አሉ። ችግራቸው የጠናው ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው፣ በማንም መዝገብ ላይ ግን ስማቸው የለም። የቅሬውን ዝርዝር ይዛችሁ ቤት ለቤት ስትሄዱ በሁለት የቅሬ አባል መካከል ያለውን ቤት «እዚህስ ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዝርዝሩን ካዘጋጃችሁ በኋላ ወደ ቀበሌ ሂዱና ከሴፍቲኔትና ከእርዳታ መዝገቡ ጋር አስተያዩት። ፈቃድና ደብዳቤ የሚያስፈልጋችሁም በዚሁ ይጠናቀቃል።

3. ስሌቱን ሥሩ

በአገራችን የእርዳታ አሰጣጥ የተለመደው መጠን ለአንድ ሰው ለአንድ ወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ዘይት ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት 75 ኪሎ እህል በወር መሆኑ ነው። ለሐምሌና ለነሐሴ 150 ኪሎ። ሃያ ቤት ከያዛችሁ 30 ኩንታል እህልና 3 ኩንታል ጥራጥሬ ያስፈልጋል።

አትደንግጡ። አብዛኛው ቤት ጨርሶ ባዶ አይደለም፣ የጎደለው ግማሹ ነው። የሃያ ቤት ግማሽ 15 ኩንታል ነው። ለአርባ አባል ሲከፈል ለአንድ ሰው 37.5 ኪሎ ይደርሳል፣ ያውም በዓመት። ከመስከረም እስከ ጥር በወር በወሩ ካዋጣችሁ በወር ከ8 ኪሎ ያነሰ እህል ዋጋ ነው። እሱም ከበዛባችሁ አሥር ቤት ያዙ። ሃምሳ ቤት ጀምሮ ነሐሴ አጋማሽ ላይ እጅ ከማጠር አሥር ቤት ይዞ እስከ መስከረም መዝለቅ ይሻላል፣ ምክንያቱም ቤቱ እናንተን ተማምኖ በሬውን ሳይሸጥ ቆይቷል፤ መሀል ላይ ብትተዉት በረከሰ ዋጋ ነው የሚሸጠው።

4. ሰብስቡ

ገንዘቡን ለብቻው፣ እህሉን ለብቻው ሰብስቡ። ለገንዘቡ በክበቡ ስም ሂሳብ ክፈቱ፣ ሦስት ፈራሚ ይኑረው። ውጭ ያሉ ልጆች ያግዛሉ፤ ሳዑዲም ዱባይም ቤይሩትም ያለ ወሎዬ ለሰፈሩ እጁን አያጥፍም፣ ገንዘቡ የት እንደገባ እስካሳያችሁት ድረስ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ተማሪው የአንድ ቀን ምግቡን እንዲተውና ወጪው ወደ እህል እንዲቀየር ከተማሪ ኅብረቱና ከአስተዳደሩ ጋር ተስማሙ።

እህሉ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ቤት በፈጨ ቁጥር አንድ እፍኝ ለብቻ ያስቀምጥ። ቅሬ በሚወጣበት ቀን ይዞት ይምጣ። አንድ እፍኝ ማንንም አያጎድልም፣ የሃምሳ ቤት እፍኝ ለወራት ሲጠራቀም ግን ጆንያ እየሞላ ይሄዳል። ከዚህ በላይ ደግሞ ያዋጣው ቤት ጉዳዩን የራሱ ያደርገዋል። የዘካና የሰደቃ ሰሞን፣ የሰንበቴና የማኅበር ቀንም አለ፤ ኢማሙና ቄሱ በየራሳቸው በኩል ቢናገሩት ከእናንተ መቶ ፖስተር ይበልጣል።

ትልልቆቹን ክለቦችና ነጋዴዎችን ስትጠይቁ እህል አትጠይቁ። በየዓመቱ የሚቆይ ነገር ጠይቁ፦ ሚዛን፣ ጥሩ ከረጢት፣ የመጋዘን ኪራይ፣ መኪና።

የድግስ ትራፊን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ደሴ ላይ ሆጤም ሆነ ሸዋ በር ሠርግ ሲበላ የሚተርፈው ብዙ ነው። ወጥ በዚያው ቀን፣ በሰዓታት ውስጥ፣ ትኩስ ሆኖ ካልደረሰ ይቅር። እንጀራ ከሆነ ሻጋታ ሳይነካው ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ድርቆሽ አድርጉት፣ ብዙ ይቆያል። የሻገተ ነገር ለሰው አይሰጥም፣ «ለተራበ ምን አለበት» የሚል ሰው ካለ ከክበቡ ይውጣ።

5. በጥር ግዙ፣ በደንብ አስቀምጡ

የዚህ ሁሉ ልብ እዚህ ላይ ነው። ገበሬው ማዳበሪያና ግብር ለመክፈል እህሉን የሚያወጣው ከአጨዳ በኋላ ነው፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ገበያው ይሞላል፣ ዋጋው ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያው እህል ይወደዳል። በአንድ ዓይነት ገንዘብ በጥር የምትገዙትና በነሐሴ የምትገዙት እኩል አይመጣም፣ ልዩነቱ የተወሰኑ ቤቶች የሁለት ወር ቀለብ ሊሆን ይችላል። እህሉን ሕዝቡ ከሚበላው ግዙ። ለቆላ ሰው ማሽላ፣ ለደጋው ገብስና ስንዴ።

ጥራጥሬ ስትገዙ ጓያ እንዳትገዙ። ርካሽ ነው፣ ድርቅንም ስለሚችል በክፉ ጊዜ ገበያ ላይ የሚገኘው እሱ ነው፤ ነገር ግን ለሳምንታት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደ እግርም አይመለስም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደላንታ ዳውንት ላይ በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው፣ በተለይ ወጣቱ፣ እግሩን አጥቷል። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ ወይም አተር ግዙ። ጓያ ብቻ የቀረው ቤት ካገኛችሁ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ እንዲበላ የሚቀላቀለውን ቶሎ አድርሱለት።

ከማስቀመጣችሁ በፊት መድረቁን ፈትሹ። ንጹሕ ደረቅ ጠርሙስ ውሰዱ፣ ሲሶውን እህል አድርጉ፣ በላዩ አንድ ሁለት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ፣ ከድናችሁ በደንብ ናጡትና ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነው፣ ወደ ፀሐይ መልሱት። ካልተለጠፈ ይግባ። ርጥብ እህል ይሻግታል፣ ሻጋታው የሚያመጣው መርዝ ደግሞ በመፍጨትም በመጋገርም አይጠፋም።

አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ካገኛችሁ ነቀዙ በራሱ ታፍኖ ይሞታል፣ ሌላ መድኃኒት አያሻም። ከረጢቱን መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ ከግድግዳም አታስጠጉ፣ ከሥሩ ርብራብ አድርጉ። አደራ የምላችሁ ነገር ደግሞ አለ፦ የነቀዝ ክኒን ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ በፍጹም እንዳትጠቀሙ። የሚተነው ጋዝ ሰው ይገድላል።

6. ስትሰጡ ገመና ሸፍኑ

ወሎ ውስጥ ሰው ቢቸገርም ቡና ያፈላል፣ እንግዳ ሲመጣ ያለችውን ያቀርባል። እንዲህ ያለውን ሰው ሜዳ ላይ አሰልፋችሁ ባነር ከኋላው ሰቅላችሁ ብታነሱት እህሉን ይወስድ ይሆናል፣ በማግስቱ ግን ቀና ብሎ አይሄድም። ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ይሰማዋል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ከነጭራሹ አይመጣም፣ እየራበውም ይቀራል፤ እሱን ነው የምታጡት።

የተሻለው መንገድ ወፍጮ ቤት ነው። ከሰፈሩ ባለወፍጮ ጋር ተነጋገሩ፣ እህሉን በየጊዜው አድርሱለት፣ ለቤቶቹ ማኅተም ያለበት ትንሽ ወረቀት ስጡ። እናቲቱ እንደማንኛውም አስፈጪ ጆንያዋን ይዛ ትመጣለች፣ ወረቀቱን ትሰጣለች፣ ዱቄቷን ይዛ ትሄዳለች። ከጎኗ የቆመችው ሴት እንኳ ነገሩን አታውቅም። የማይራመድ ሽማግሌ ካለ ልጆቹ አምሽተው ቤቱ ያድርሱ።

ገበያው ላይ እህል ካለና ዋጋው ካልተሰቀለ ገንዘብ መስጠትም ይቻላል፣ በቴሌብር ሲሆን ማንም አያይም። ስልክ ለሌላቸው አዛውንቶች ግን እህሉ ይሻላል።

ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚኖርበት ሰፈር ስለሆነ ደረቅ እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ሁሉንም ያስማማል። አንዱ ያረደው ሥጋ ለሌላው ስለማይሆን ሥጋ ካመጣችሁ በየወገኑ ይታረድ፣ በየወገኑ ይሰጥ። ረመዳን ከሆነ ከአፍጥር በፊት፣ ዐቢይ ጾም ከሆነ ያለ ቅቤና ያለ ወተት። ሰው ሲቸገር እምነቱን እንዲጥስ ማስገደድ ነውር ነው።

ሒሳቡን ግን በግልጽ ለጥፉ። ስንት ኩንታል ገባ፣ በስንት ተገዛ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ። የሰጪውም የተቀባዩም ስም አያስፈልግም።

7. የከሳ ልጅ ካያችሁ

ይህ የእናንተ ሥራ የሚያበቃበትና የጤና ባለሙያ ሥራ የሚጀምርበት ነው፤ የእናንተ ድርሻ ቶሎ ማየትና ቶሎ ማድረስ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ባለ ቀለም የክንድ መለኪያ አላት፣ ሁለት ሦስት አባላት አብረዋት ቤት ለቤት ይዙሩ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ የግራ ክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ችግር አለ፣ ከ11.5 በታች ከሆነ ግን በዚያው ቀን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ጫን አድርጋችሁ ስትለቁ ጉድጓዱ ካልሞላ፣ ልጁ ወፍራም ቢመስልም እንኳ፣ እሱም በዚያው ቀን ይሂድ። ልጁን ይዛ የምትሄደውን እናት መጓጓዣና ምሳ ክበቡ ይቻል። ብዙ እናት ልጇን ሳታሳክም የምትቀረው የትራንስፖርት አጥታ፣ ሌሎቹን ልጆች የሚይዝላት ጠፍቶ ነው።

ፕላምፒ ነት የሚባለውን የኦቾሎኒ ምግብ ከሱቅ እንዳትገዙ። እሱ ለታመመ ልጅ የሚታዘዝ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ከአንዱ ልጅ አፍ የወጣ ነው።

ገና ላልከሱት ከስድስት ወር በላይ ለሆኑ ልጆች ምጥን አዘጋጁ፦ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ፣ ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ። ገንፎ ሲሆን ትንሽ ዘይት ይግባበት። ከስድስት ወር በታች ላለው ግን የጡት ወተት ብቻ፤ እዚያ ቤት የምትመግቡት እናቲቱን ነው።

8. በሚቀጥለው ዓመት ከዝርዝሩ እንዲወጡ

እህል ጊዜ ይገዛል። ጊዜው ሲገኝ ደግሞ ቤቱ ለምን እንደጎደለበት እዩ። ብዙ ቦታ መልሱ አንድ ነው፤ ባሏ የሞተባት ወይም የተለያት ሴት መሬት አላት፣ በሬና ጉልበት የላትም፣ ስለዚህ ለእኩል ትሰጣለች። ምርቱ ግማሹ ይሄዳል። ወሎ ለዚህ መድኃኒቱ ከጥንት አለው፣ ጅጌ፣ ማለትም ደቦ። ክበቡ በሬ ያላቸውን ሦስት አራት ገበሬዎች ይለምን፣ ዘሩን ይግዛ፣ ወጣቱ በአንድ ቀን አርሶ ይዝራላት። ለአረምና ለአጨዳም እንዲሁ ተመለሱ፣ ዘርቶ መጥፋት የለም። የሚያስፈልገው ለሠራተኛው ንፍሮና ቡና ነው፣ ምርቱ በሙሉ የእሷ ይሆናል።

ጓሮ ላላቸው የጎመንና የቆስጣ ዘር ስጡ፣ ጓሮ ለሌላቸው ከተሜዎች አሮጌ ጆንያ ውስጥ አፈርና ፍግ ሞልቶ ማብቀል ይቻላል። ዶሮ የምትሰጡ ከሆነ የ45 ቀን ጫጩት ስጡ፣ የፈንግል ክትባት መከተቡን አረጋግጡ፣ መኖዋን ለመጀመሪያው ወር ቻሉ። ከዚያ በታች የሆነ ጫጩት መሞቂያ ለሌለው ቤት አይሰጥም።

መስከረም ላይ አምስቱን ሰዎች እንደገና ሰብስቡ። የትኛው ቤት በሬውን ሳይሸጥ ከረመ፣ የትኛው ሸጠ፣ ማንን ሳናይ አለፍን፣ እህሉ መቼ አለቀ። መዝገቡን ፎቶ አንሱትና አንዱን ቅጂ ለቅሬው ዳኛ ስጡ፤ ተማሪው ተመርቆ ይሄዳል፣ ቅሬው ግን እዚያው ነው። የተረፈ እህል ካለ ልጅ ትምህርት ለሚጀምርባቸው ቤቶች በመስከረም ውስጥ አውጡት፣ አዲሱ ጥር በአዲስ ከረጢት ይጀመራል።